የግል ተወዳዳሪው ወረቀቶች

በሰሜን ቨርጂኒያ ምርጫ ሲቃረብ ወረቀት አይጠፋም። መኪና መስታወት ላይ ይሰካል፣ በር ሥር ይገባል፣ የሐበሻ ሱቅ ደጃፍ ላይ እጃችን ላይ ይደረጋል። አብዛኛውን ሳላነበው እጥለዋለሁ። ዴሞክራት ከሆነ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ፤ ሪፐብሊካን ከሆነም እንደዚያው። ሰውየው ባይነግረኝ ፓርቲው ነግሮኛል።

ይሄኛውን ግን አልጣልኩትም። ለአሜሪካ ኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት በግል የሚወዳደር ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ለምናወራው ጉዳይ አያስፈልገንም። ስለ ትምህርት ሦስት መስመር ጽፏል። የመምህራንን ደመወዝ ያስጨምራል። በአንድ ክፍል የሚቀመጡትን ተማሪዎች ቁጥር ያስቀንሳል። ሦስተኛው በደማቁ ነው የተጻፈው፦ «ዋሽንግተን ከልጆቻችን ክፍል እጇን ታንሳ!»

በሉ እንግዲህ፣ ይሄን ሰው የት እንመድበው? ሁለቱ መስመር ወደ አንዱ ወገን ያደላል፣ ሦስተኛው ወደ ሌላው። ድረ ገጹ ላይ ማብራሪያ ይኖር ይሆናል ብዬ ገባሁ። ወፍ የለም። ያንኑ ሦስት መስመር በትልልቅ ፎቶ አስውቦ ደግሞታል።

በግል መወዳደር ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በምርጫ 97 ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገብተዋል። እሳቸውን ግን ሕዝቡ ያውቃቸው ነበር፤ ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። እዚህም አንዳንድ አሉ። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በርኒ ሳንደርስ ከ1991 እስከ 2007 ቨርሞንትን ወክሎ ተወካዮች ምክር ቤት የተቀመጠው በግል ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ቨርጂል ጉድ የሚባል የምክር ቤት አባል ዴሞክራቶችን ለቆ በ2000 በግል ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ሪፐብሊካን ሆነ። እንግዲህ «የግል» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ወረቀቱን እሁድ ቡና ላይ አንድ ጋሼ ለምንላቸው ሰው አሳየኋቸው። እዚህ አገር ብዙ ዓመት የኖሩ፣ ምርጫ የማያመልጣቸው ሰው ናቸው።

«ፓርቲ የለውም ማለት እኮ ዋስ የለውም ማለት ነው» አሉኝ። «ቢዋሽህ ማንን ትጠይቃለህ?»

«ወረቀት እጠይቃለሁ፣ ጋሼ።»

«የቱን? ይሄንን?»

«አይ፣ ለምርጫ ተብሎ ያልተጻፈውን።»

ሳቁ። «አጥብቆ ጠያቂ የእናቱን ሞት ይረዳል» አሉና ወደ ስኒያቸው ተመለሱ።

ወረቀት ፍለጋ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ነበረብኝ። ይሄ ሰው የሚፈልገው ወንበር ስለ ትምህርት ምን ይችላል?

አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚተዳደርበት ገንዘብ ከሦስት ኪስ ይመጣል። ከስቴቱ፣ ከአካባቢው አስተዳደር፣ ከፌዴራል መንግሥት። የፌዴራሉ ድርሻ በደህናው ጊዜ ከ10 ዶላር 1 ዶላር ገደማ ነው። በኮቪድ ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር፤ ያ ገንዘብ አልቋል። ቨርጂኒያ ላይ ነገሩ ደግሞ ለየት ይላል። እኛ የምንመርጠው የትምህርት ቦርድ ራሱ ግብር የመጣል ሥልጣን የለውም። በጀቱን አዘጋጅቶ ለካውንቲው የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ ያቀርባል። የቤት ግብሩን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ደግሞ በቀመር አስልቶ ድርሻውን ይልካል። በየጸደዩ «የመምህራን ጭማሪ ተቀነሰ» ተብሎ ጩኸት የሚነሳው በእነዚህ ሰዎች መሃል ነው። የመምህሯ ደመወዝም፣ የክፍሉ ተማሪ ብዛትም እዚያ ነው የሚያልቀው። የኮንግረስ አባል እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የለውም።

ስለዚህ የወረቀቱ የመጀመሪያ ሁለት መስመሮች ላም አለኝ በሰማይ ናቸው። ሰውየው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ምኞቱ ይሆናል። ግን ደመወዝ ለማስጨመር የፈለገ ሰው ለሱፐርቫይዘርነት ነው መወዳደር ያለበት።

ሦስተኛውስ? «እጇን ታንሳ» ሲል ስለ መማሪያው ይዘት ከሆነ፣ እጇ ድሮም የለም። የትምህርት ሚኒስቴሩን ያቋቋመው የ1979ኙ ሕግ ራሱ ሚኒስቴሩ ሥርዓተ ትምህርት ላይ እንዳይገባ ይከለክላል። ልጄ በታሪክ ክፍል ምን እንደሚማር የሚወስነው ስቴቱና የአካባቢው ቦርድ ነው። ስለ ገንዘቡ ከሆነ ግን ጉዳዩ ይለያል። ያ የኮንግረስ ሥራ ነው፤ ትልቅም ሥራ ነው። በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የትምህርት ሚኒስቴሩ እንዲዘጋ እርምጃ የሚያስጀምር ትእዛዝ ሲፈርሙ ጨርሶ ለመዝጋት የኮንግረስ ሕግ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ያውቅ ነበር። በሕግ የቆመን መሥሪያ ቤት የሚያፈርሰው ሕግ ነው።

ኮንግረስ እጅ ላይ ምን አለ? ድሃ ቤተሰብ የሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሚደጎሙበት ታይትል ዋን አለ። ከ1965 ጀምሮ ያለ ነው፤ በ2024 በጀት 18.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተመድቦለታል። ኮሌጅ ለሚገቡ ልጆች ፔል ግራንት አለ፤ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት አለ። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ማንም ዕጩ ሲያነሳው ሰምቼ ስለማላውቅ። በ1975 ሕጉ ሲወጣ ኮንግረስ ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው አማካይ ወጪ እስከ 40 ከመቶ የሚደርስ ድጎማ እንደሚሰጥ ቃል ገባ። ያ ቃል አንድም ዓመት አልተጠበቀም። በቅርብ ዓመታት 15 ከመቶም አልሞላም። የጎደለውን የሚሞላው ካውንቲው ነው፣ ከዚያው መምህራኑን ከሚከፍልበት ኪስ። እንግዲህ ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰው የመምህራን ደመወዝ ከምር ካሳሰበው መንገዱ በዚህ በኩል ነበር። ወረቀቱ ላይ የለም።

እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች የሚውል የፌዴራል ገንዘብም አለ። ይሄ እኛን በቀጥታ ይነካል። ፌርፋክስ ካውንቲና አሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ በአማርኛ የሚጽፉት እኮ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልጆቻችን ክፍሎቹን ሞልተዋል። በጁላይ 2025 የፌዴራል መንግሥት 6.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የትምህርት ገንዘብ ይዞ ሳይለቅ ሲቀር፣ ከተያዘው ውስጥ ይሄ ነበረበት። ከትምህርት ሰዓት በኋላ ልጆች የሚያጠኑበት ፕሮግራም ገንዘብም ነበረበት። ወሩ ሳያልቅ ተለቀቀ። ግን ብዙ ወላጅ «ዋሽንግተን» የሚባለው ነገር በልጁ ክፍል ውስጥ የት ጋ እንዳለ ያወቀው ያኔ ነው።

ይሄን ይዤ ወደ መዝገቦቹ ገባሁ።

አንደኛው በር የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ነው። ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰው ከ5,000 ዶላር በላይ ከሰበሰበ ወይም ካወጣ በ15 ቀን ውስጥ ዕጩነቱን ማሳወቅ አለበት። ከዚያ በየጊዜው ማን እንደሰጠውና ለማን እንደከፈለ ሪፖርት ያደርጋል። በድምሩ ከ200 ዶላር በላይ የሰጠ ሰው ስሙ ብቻ ሳይሆን ሥራውና አሠሪውም ይጻፋል። ስለ ትምህርት ለሚያጣራ ሰው ዋናው ነገር ይሄ የሥራ ዓምድ ነው። መምህራን ይበዙበታል? የግል ትምህርት ቤት ባለቤቶች? የመምህራን ማኅበራት ኮሚቴ? የኛ ሰው ገንዘብ አብዛኛው ለራሱ ዘመቻ ያበደረው ነው። ከዚያ ጡረተኞች፣ ጥቂት መምህራን፣ አንድ የጥርስ ሐኪም። ከኋላው ትልቅ ቡድን የለም። ይሄም መልስ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የምታውቁት ስም ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መምረጥ ባይችልም ለዘመቻ መስጠት ይችላል፣ ስለዚህ የኛም ሰዎች አሉበት። ሕጉ ከዚያ መዝገብ የግለሰቦችን ስም ወስዶ ገንዘብ መለመኛ ወይም መነገጃ ማድረግን ይከለክላል። ሐሜትን አይከለክልም። እሱን እኛው እንከልክል። የጎረቤቴን ስም ሳይ ገጹን አልፌ ሄድኩ፤ ማን ለማን ሰጠ የሚለው ቡና ላይ የሚቀርብ ነገር አይደለም። የዕጩውም ቢሆን የፍቺ መዝገብ፣ የቤት አድራሻ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሁሉ ተፈልጎ አይጠፋም። ከትምህርት ፖሊሲው ጋር ግን ምንም አያገናኘውም።

ሁለተኛው በር ሰው ብዙ አይሄድበትም። ከ1978 ጀምሮ ባለው ሕግ የኮንግረስ ዕጩ ሀብቱንና የገቢ ምንጩን አስመዝግቦ ለተወካዮች ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ያስገባል። ልክ ያለ ቁጥር አታገኙበትም። ከ1,001 እስከ 15,000፣ ከ15,001 እስከ 50,000 እያለ በእርከን ነው የሚሞላው። ከ10,000 ዶላር በላይ ዕዳ ካለበትም ይጻፋል፣ የተማሪ ብድርም ቢሆን። እኔን የጠቀመኝ ግን ስለ ገንዘብ የማያወራው ክፍል ነው፤ ዕጩው በየትኛው ድርጅት ምን ኃላፊነት እንዳለው የሚገልጽበት። የኛ ሰው እዚያ አንድ መስመር አለው። ልጆችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚያስጠና አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት፤ እሱ የቦርዱ ሰብሳቢ ነው።

ወረቀቱ ላይ ይሄ የለም! የትምህርት ሰው መሆኑን የሚያሳየውን አንዱን ነገር ትቶታል።

በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ፎርም 990 የሚባል ሪፖርት ያስገባል፤ ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት ነው። ብዙ ገጽ አለው፤ አትፍሩት። ክፍል ስምንት ላይ የገቢው ዝርዝር አለ። እዚያ «1ኢ» የምትል ትንሽ መስመር አለች፤ ከመንግሥት የተገኘ ድጋፍ የሚጻፍባት። የዚህ ድርጅት ከግማሽ በላይ ገቢ እዚያች መስመር ላይ ነው። የፌዴራል ወጪ የሚታይበትን የመንግሥት ድረ ገጽ ከፍቼ በድርጅቱ ስም ፈለግሁ። ገንዘቡ ኮንግረስ ከሚመድበው፣ በመላው አገሪቱ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከሚሆነው የማስጠኛ ፕሮግራም በጀት በስቴቱ በኩል አልፎ የመጣ ነው። ያው በጁላይ 2025 ተይዞ የነበረው ገንዘብ።

እንግዲህ «ዋሽንግተን እጇን ታንሳ» የሚለው ሰው ድርጅቱን የሚያንቀሳቅሰው በዋሽንግተን እጅ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። «ግብዝ!» ብሎ። እኔንም ትንሽ ዳድቶኝ ነበር። ግን ወረቀት ስታገላብጡ አንድ ገጽ ላይ ማቆም ጥሩ አይደለም። ሰውየው ምርጫ ሳያስብ በፊት ስለ ትምህርት ምን ብሎ ነበር? እሱን የሚነግረኝ ቃለ ጉባኤ ነው።

የካውንቲው ትምህርት ቦርድ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው። ማንም ነዋሪ አስቀድሞ ተመዝግቦ ጥቂት ደቂቃ መናገር ይችላል። ቃለ ጉባኤው ይቀመጣል፤ ቪዲዮውም አለ። በስሙ ፈለግሁ። የዘመቻ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት በነበረ አንድ የበጀት ስብሰባ ላይ ተናግሯል። ቃለ ጉባኤው ስሙንና የተናገረበትን ርእስ ብቻ ነው የያዘው፦ «የማታ አውቶቡስ»። ቪዲዮውን ከፈትኩ።

ከመደበኛው ሰዓት በኋላ ለጥናት የሚቆዩ ልጆችን ወደ ቤት የሚወስድ አውቶቡስ አለ። በበጀት ምክንያት በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሊቀነስ ነበር። ሰውየው ወደ ማይኩ ሲመጣ በእጁ የታጠፈ ወረቀት ይዟል፤ ግን አላየውም። ልጆቹ የማይቆዩት ጥናት ጠልተው አይደለም፣ የሚወስዳቸው ስለሌለ ነው አለ። ከሰዓት በኋላ መኪናው ሥራ ላይ ነው፤ አባት እየነዳ ነው፣ እናት ፈረቃ ገብታለች። አውቶቡሱን ካነሳችሁ አስጠኚ ብትቀጥሩም ባዶ ክፍል ነው የሚያስጠናው አለ። ሰዓቱ ሲያልቅ ምልክቱ ጮኸ። እሱ ቀጠለ። ማይኩን ዘጉበት። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ድምፅ የለም። ከዚያ ወረቀቱን እንደታጠፈ ይዞ ሄደ።

አመሻሹን ኡበር ሲነዳ የሚቆይ ወላጅ በሞላበት ማኅበረሰብ ውስጥ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሰውየው ከራሱ ወረቀት ይሻላል! እውነተኛ የትምህርት ፖሊሲ አለው፣ የኖረበት። ወረቀቱ ላይ የማይችለውን ቃል ገብቷል፣ የሚያውቀውንና የሚችለውን ደብቋል። የምርጫ አማካሪ ነገር ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። «ደመወዝ» የሚል ቃል ከ«የማታ አውቶቡስ» ይበልጥ ያስጨበጭባል።

ይሄ የወንበርና የቃል አለመገጣጠም የኛ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጣም ንጹሕ ሆኖ የሚታየው አላስካ ላይ ነው። አሊስ ጋልቪን የምትባል የአንከሬጅ ሴት ናት። ግሬት አላስካ ስኩልስ የተባለ ለሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጀት የሚሟገት የወላጆች ቡድን ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ2018 የፓርቲ አባል ሳትሆን ለተወካዮች ምክር ቤት ተወዳደረች። የአላስካ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት የፓርቲ አባል ያልሆነ ሰው በዴሞክራቶች የመጀመሪያ ዙር ምርጫ እንዲገባ በር ከፍቶ ስለነበር በዚያ በኩል አልፋ ለረጅም ዘመን ወንበሩን ይዘው ከቆዩት ከዶን ያንግ ጋር ተፋጠጠች። 46.5 ከመቶ አግኝታ ተሸነፈች። በ2020 ደገመች፤ 45.3።

በ2020 የሆነው ነገር የፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ አለ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከስሟ አጠገብ የዴሞክራቶች ዕጩ መሆኗ ብቻ ተጻፈ፤ ራሷ የፓርቲ አባል አለመሆኗ ቀረ። ይታረምልኝ ብላ ከሰሰች። ወረቀቱን እንደገና ማሳተም ጊዜ የለም ተብሎ አልተፈቀደላትም፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አጸናው። በግል መወዳደር ማለት እንዲህም ነው። ማን እንደሆንክ የምትናገርበት አንዲት መስመር ላይ እንኳ ትከራከራለህ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አላስካ ውስጥ የትምህርት ቤት ክርክር ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ቁጥር ዙሪያ ነው፤ ስቴቱ በቀመሩ መሠረት ለአንድ ተማሪ የሚሰጠው መነሻ። ለዓመታት ብዙም ሳይንቀሳቀስ ቆይቶ 5,960 ዶላር ላይ ነበር። ይሄን ቁጥር የሚቀይረው ጁኖ ያለው የስቴቱ ሕግ አውጪ ነው። ዋሽንግተን ያለ የኮንግረስ አባል በቁጥሩ ላይ ድምፅ የለውም። ጋልቪን በ2022 ለስቴቱ ምክር ቤት ተወዳድራ አሸነፈች፣ አሁንም በግል። የሷን የትምህርት ፖሊሲ ማየት የሚፈልግ ሰው የሁለቱን የኮንግረስ ዘመቻ ቃል ሁሉ ትቶ የጁኖን የድምፅ መዝገብ ቢከፍት ይበቃዋል።

በማርች 2024 መነሻውን በ680 ዶላር የሚያሳድግ ሕግ ገዥው ውድቅ አደረገው። ውድቅ የተደረገውን ለመመለስ ከ60 አባላት 40 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። 39 ተገኘ። አንድ ድምፅ! ጋልቪን ከ39ኙ አንዷ ናት። በ2025 የ1,000 ዶላር ጭማሪ መጣ፤ እሱም ወደቀ። ከዚያ 700 ዶላር መጣ። ገዥው እንደገና ውድቅ አደረጉት፤ በሜይ 20 ግን በ46 ለ14 ተሻረ። ገዥው ከበጀቱ ላይ ከ700 ዶላሩ ጭማሪ 200ውን ቆረጡ። በኦገስት በልዩ ስብሰባ እሱም ተመለሰ፤ ጉዳዩ የበጀት ስለሆነ 45 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፣ የተገኘው ልክ 45 ነው። እያንዳንዱ ድምፅ በስም ተመዝግቦ ይገኛል።

ይሄን ሳነብ ሁለት ጊዜ ለኮንግረስ መወዳደሯ ባከነ ብዬ አሰብኩ፣ መልሼ ደግሞ ተውኩት። ስሟ በመላው ስቴት የታወቀው በዚያ ነው። ዞሮ ዞሮ ግን የምትከራከርለት ነገር የሚወሰንበት ክፍል ውስጥ የገባችው ትንሹን ወንበር ስትይዝ ነው።

ወደ ሰፈራችን ሰው ልመለስ። አንድ መዝገብ ቀርቶኝ ነበር፤ ድርጅቱ ከትምህርት ቤቱ ጋር የገባው ውል። የፌዴራሉ የመረጃ ነፃነት ሕግ ከ1966 ጀምሮ አለ፣ ግን ኮንግረስንም ዕጩንም አይነካም። የስቴቱ ሕግ ግን የትምህርት ቤቱን አስተዳደር ይመለከታል። ቨርጂኒያ ውስጥ በአምስት የሥራ ቀን መልስ መስጠት አለባቸው፤ ካስፈለጋቸው ሰባት ይጨምራሉ። ብቻ የሌላ ስቴት ሰው ከሆናችሁ አይገደዱም፤ በ2013 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄን ገደብ አጽድቆታል። ስሜንና አድራሻዬን ጽፌ በኢሜል ጠየቅሁ። ውሉ ከመከታተያ ሪፖርቶቹ ጋር መጣ። ሪፖርቱ ላይ በየወሩ ስንት ልጅ እንደመጣ ይሞላል፣ ከጎኑ የማብራሪያ ዓምድ አለ። ቁጥሩ በወረደበት ወር ሁሉ እዚያ ዓምድ ላይ ያለው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው። ትራንስፖርት።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነበር። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አልመጣም። ተራዬ ሲደርስ «ድርጅትህ የሚኖረው በፌዴራል ገንዘብ ነው፤ ዋሽንግተን እጇን ስታነሳ ማን ይተካዋል?» አልኩት።

አልተቆጣም። እንዲያውም ደስ ያለው ይመስላል። «ገንዘቡ ይቅር አላልኩም» አለ። «ፎርሙ ይቅር ነው ያልኩት። ሁለት አስጠኚ ለመቅጠር የሚበቃ ጊዜ በሪፖርት ሥራ ይጠፋብናል።» ይሄ እንግዲህ ቁም ነገር ያለው ክርክር ነው። ገንዘቡ ለስቴቱ በጥቅል ይሰጥ፣ ቅድመ ሁኔታው ይቀነስ የሚሉ ሰዎች ብዙ አሉ። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ ቅድመ ሁኔታው ሲላላ ገንዘቡ ከድሃው ልጅ ይርቃል ይላሉ። እኔ ወደ ተቃዋሚዎቹ አደላለሁ። ግን ቢያንስ አሁን ስለ አንድ ኮንግረስ ሊወስነው ስለሚችል ነገር እያወራን ነው።

«ይሄን በወረቀትህ ላይ ለምን አልጻፍከውም?»

«ማን ያነበዋል?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ።

ቀጥዬ የጠየቅሁት አላሳቀም። ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ የኮሚቴ ወንበር የሚታደለው በፓርቲዎቹ በኩል ነው። ሳንደርስ ኮሚቴ ያገኘው ከዴሞክራቶቹ ጎን ስለተሰለፈ ነው። ጉድም በግል በነበረበት ጊዜ ከሪፐብሊካኖቹ ጋር ነበር። የትምህርት ኮሚቴው ውስጥ መግባት ከፈለገ ይሄ ሰውም ከአንዱ ጎን መቆም አለበት። ከማን ጋር? «ከማንም ጋር አልሰለፍም» አለ። በግል ለሚወዳደር ሰው ጥሩ የሚመስል መልስ ነው። ለማታ አውቶቡሱ ግን ጥሩ መልስ አይደለም፤ ገንዘቡ የሚከፋፈልበት ክፍል ደጃፍ ላይ ቆሞ መቅረት ማለት ነው። ይሄንኑ ነገርኩት። አስቦበት በኢሜል እንደሚመልስልኝ ነገረኝ።

ጥያቄዎቼን ጽፌ ላክሁለት። የማስጠኛ ፕሮግራሙ በጀት በሙሉ እንዲቀጥል ድምፅ ትሰጣለህ? የልዩ ፍላጎቱን 40 ከመቶ ትደግፋለህ? ኮሚቴ ለማግኘት ከማን ጋር ትቆማለህ? ለመጀመሪያው «አዎ» ብሎ መለሰ፣ ምንም ሳይጨምር። ለሁለተኛው «እደግፋለሁ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ግን አሁን ልነግርህ አልችልም» አለ። ሦስተኛውን ዘለለው። ከምርጫው በፊት ያለው የሩብ ዓመት የገንዘብ ሪፖርት ኦክቶበር 15 ይገባል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከየትኛው ወገን ገንዘብ መምጣት እንደጀመረ እዚያ ላይ አየዋለሁ።